ወንድ የማይጠጋው ጓሮ

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ስሜ የለም። የስልክ ጨዋታ ውድድሩን የእጩዎች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አየሁት፤ የለም። ጨዋታችን «ጓሮ» አለ። የሣልኩት እንሰት አለ። ቅጠሉ ላይ የምትንከባለለው የውሃ ጠብታ እንኳ አለች፤ እሷን ለማስተካከል አንገቴ እስኪደርቅ ተቀምጫለሁ። ከሥሩ «አዘጋጅ፦ ቢኒያም» ይላል። በቃ።

ያየሁት ሥራ ቦታ፣ ጋሽ ሸምሱ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው፤ የአንድ ሽማግሌ የመሬት አቤቱታ እየጻፍኩ። ሽማግሌው «ልጄ፣ ምነው ፊትሽ ተለወጠ? ስሜን ተሳሳትሽ እንዴ?» አሉኝ። ተሳስቻለሁ። በስማቸው ቦታ «ቢኒያም» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ለቢኒያም ደወልኩለት፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፣ ጨዋታውን አብረን ነው የሠራነው። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

«ሊዱ፣ አትቆጪ» አለኝ። «አንቺ እኮ ለትርፍ ጊዜሽ ነበር የምትሠሪው። ራስሽ ነሽ ሆቢ ነው ያልሽኝ።»

ብያለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለን ብያለሁ። ሆቢ ያልኩት ደሞዝ ስለሌለው ነው እንጂ የፈለገ ይውሰደው ብዬ አይደለም።

«ደግሞ የጨዋታ መደብሩን ምዝገባ በዶላር የከፈልኩት እኔ ነኝ» አለ። ይህን አልክድም። ጨዋታ ለዓለም ለመልቀቅ ዶላር የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፤ እዚህ ሆሳዕና ከተማ ብሩን ብይዝ እንኳ ካርዱን ከየት አመጣለሁ? እሱ ውጭ አገር አጎት አለው።

ያወጣውን ያውቃል፤ ጥሩ። እኔም ንዴቴ ሳይበርድ ያወጣሁትን ልጻፍ፦

ላፕቶፑ። እማዬ በዊጆ፣ በጎረቤት ሴቶች የወተት ዕቁብ፣ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ቅቤውን እየሸጠች የገዛችልኝ።
የኢንተርኔት ጥቅል። ስንቱን ምሳ እንደበላብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።
መስታወቱ የተሰነጠቀው አሮጌ ስልክ። ጨዋታው በርካሽ ስልክ ላይ ይሠራ እንደሆነ መሞከሪያ።
ወደ አንጋጫ የመኪና ሒሳብ። የገበያውን ጫጫታ ልቀዳ ሄጄ የቀዳሁት ዝናብ ብቻ ነው።
አንድ የመንግሥት ቅጥር ፈተና። «ይህን ምዕራፍ ልጨርስ» ብዬ የቀረሁበት። ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ውድድሩን ወዳዘጋጀው ድርጅት ደወልኩ። አንዲት ጨዋ ሴት አነሳች። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «እህቴ፣ ማስረጃ ካለሽ እስከ ረቡዕ አድርሺልን። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይጸድቃል» አለች። ያሸነፈ ኮምፒውተርና የአንድ ዓመት መሥሪያ ገንዘብ ያገኛል። አንድ ዓመት ሙሉ ምሳ እየበላሁ ጨዋታ መሥራት! ይህን ነው ከእጄ የወሰደው።

ማስረጃዬ በሙሉ ላፕቶፔ ውስጥ ነው። ላፕቶፔ ደግሞ ክረምቱ ሲገባ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሏል።


እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ፓስተሩ ስለ ይቅርታ ሰበኩ። ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን የሚያዩ መሰለኝ። እሺ፣ ይቅር እላለሁ፤ ስሜን ከመለሰ በኋላ።

ስወጣ አንዲት የመዘምራን ጓደኛዬ «አሁንም ያንን የልጆች ጨዋታ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቷል፤ አዲሱን የቆርቆሮ ቤታቸውን ሳላይ እንዳላልፍ ነው የነገረችኝ። «አንቺ በዚህ ትምህርትሽ…» ብላ ተወችው። ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያናድደኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። «ቀጭኑ ልጅ?» አለች።

«አዎ።»

«እዚህ መጥቶ ቆጮ በአይብ የበላው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ሁለት ጊዜ አስጨምሮ?»

ቢኒያም አምና በታኅሣሥ መጥቶ ሁለት ቀን አድሯል። «ቦታውን ካላየሁ ጨዋታው አይገባኝም» ብሎ። እማዬ የእንግዳ ፍራሽ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዓለሚቱ ተዋሰችለት። እማዬን አሁን ያናደዳት ስሜ ከዝርዝሩ መቅረቱ ይሁን ቆጮው አላወቅሁም። ብቻ ምሳ ስንበላ የእኔን ሳህን ሞላችው። ነገ ለሚጠብቀኝ ነገር ጉልበት እንዲኖረኝ ይመስለኛል። «ፈተናው እንዴት ሆነ?» አላለችም። «ነግሬሽ ነበር» አላለችም። ለዚህ ብቻ እንኳ ዛሬ ማመስገን አለብኝ።


ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ላፕቶፑን ይዤ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ከፈተው፣ አሸተተው፣ ዘጋው። ሬሳ የሚያይ ሐኪም ነው የመሰለኝ። «ዲስኩ ነው የሄደው። አዲስ አበባ የሚከፍቱ አሉ፤ ግን በሳምንትም አይደርስልሽ፣ ዋጋውም…» አለና የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ማየት ጀመረ። የድካሙን ስጠይቀው «ምን ሠራሁና?» ብሎ እምቢ አለኝ።

አርፍጄ ሥራ ገባሁ። ጋሽ ሸምሱ ፎቶ ኮፒው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደሞዝሽን ልቁረጥ ወይስ ታሪክሽን ልስማ?»

ታሪኩን ነገርኳቸው። ጋሽ ሸምሱ አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ከተማ የጨው ችርቻሮ የጀመሩ ናቸው፤ እሳቸውም ነገርን ሁሉ በሸቀጥ ነው የሚመዝኑት።

«እኔ አንድ ደርዘን እስክርቢቶ ስገዛ ደረሰኝ እቀበላለሁ» አሉ። «አንቺ ይህን ሁሉ ሥራ ያለ ደረሰኝ አስረከብሽው?»

«ጓደኛዬ ነበር።»

«ታዲያ ጓደኛ ደረሰኝ መቁረጥ ያመዋል?»

ልክ ናቸው፤ ግን ልክ ሲሆኑ ደስ አይሉም። ትንሽ ቆይተው መጡና «ለመሆኑ ይኼ ጌም ሰው ያጠግባል?» አሉኝ። «እስካሁን ቢኒያምን አጥግቧል» አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ የሱቁን ኢንተርኔት የይለፍ ቃል በስልኬ አስገቡልኝ። «ከሥራ በኋላ የፈለግሽውን ያህል አውርጂ፣ ላኪ። ኢንተርኔቱን እኔ ለወሩ ከፍዬበታለሁ፤ ቢሠራበት ምን ቸገረኝ?»

ኢሜይሎቼን በረበርኩ። ለቢኒያም ከላክሁለት የተረፈ ነገር አለ ብዬ። ፋይሎቹን የምንለዋወጠው በእሱ የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ነበር፤ ነፃ ቦታው የሰፋ የእሱ ስለነበረ። ዘግቶታል። ለሥዕል ማስቀመጫ መክፈል ስላልቻልኩ ሥራዬን ሁሉ በሰው ጎተራ ከተትኩት። ጋሽ ሸምሱ ቢሰሙ አንድ ሳምንት ይቀልዱብኛል። አልነገርኳቸውም።

መውጫዬ ላይ ጨዋታውን ራሱን በአሮጌው ስልክ አወረድኩት። መደብር ላይ ከወጣ ወዲህ አንድም ቀን አልከፈትኩትም ነበር። ዛሬም አልከፈትኩትም። ጠላቴ ቤት ገብቼ የገዛ ወንበሬ ላይ እንደመቀመጥ ነው።


ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ዛሬ የዊጆ ተራው የእኛ ነበር። የአምስት ቤት ወተት ወደ እኛ ቤት መጣ። ሌላ ጊዜ እቃቸውን ገልብጠው፣ ትንሽ ተጫውተው ይሄዳሉ፤ ዛሬ ግን እማዬ ነግራቸው ኖሮ ማንም አልተነሳም። እትዬ ዓለሚቱ ፊቷን አጨፍግጋ «እስቲ ይህን የሰረቀውን ነገር አሳዪን» አለችኝ።

አልፈለግኩም ነበር። ግን ስልኩን አወጣሁ። መጀመሪያ በመደብሩ ገጽ ላይ ከሥዕሉ በታች ያለውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፤ ቢኒያም ስለ ጨዋታው የጻፈውን፦ «ድምፆቹን የቀዳሁት ራሴ ነኝ፤ ሴቶቹ እንሰት በሚፍቁበት ጓሮ አብሬያቸው ተቀምጬ።»

እትዬ ዓለሚቱ «የት ተቀምጦ?» አለች።

«ጓሮ። ከእናንተ ጋር።»

ቤቱ ተናጋ። አንዷ ወተቱን ልትደፋው ነበር። «ሱሪውን ለብሶ?» «እኔ አጠገብ ይሆን?» «ቀሚስ ማን አዋሰው?» ወንድ እኮ እንሰት ሲፋቅ ወደ መፋቂያው አይጠጋም! አባቴ በሕይወት እያለ ሳል ይዞት እንኳ ውሃ ሲፈልግ ከቤቱ ጥግ ሆኖ ነበር የሚጣራው። ቢኒያም የዚያን ቀን ወደ ጓሮ ብቅ ሲል እማዬ በኮባ ቅጠል እያርገበገበች ነው የመለሰችው። የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ስልኬን ቀሚሴ ላይ አስሬ፣ እጄ ቅጠል እንደያዘ። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። አብሮኝ ስላደገ ማስረጃ ይሆናል ብዬ አላሰብኩትም።

ይህ ግን ገና መጀመሪያው ነው።

ጨዋታውን ከፈትኩ። የመፋቁ ድምፅ መጣ፤ ሴቶቹ ጆሯቸውን አቆሙ። «ይቺ እኔ ነኝ፣ እኔ እንዲህ ነው የምተነፍሰው» አለች አንዷ። የመጀመሪያውን ዙር ተጫወትኩ፤ ችግኙን ነቅዬ ተከልኩ፣ ፍግ ሰጠሁ፣ አሸነፍኩ። ስናሸንፍ ዋሽንት ነበር የሚጮኸው። ቢኒያም ቀይሮታል። ከላክሁለት ጥሬ ቅጂ ላይ ዜማ ያለው የመሰለውን ቆርጦ አስገብቷል። ስልኩ በእትዬ ዓለሚቱ ድምፅ፣ በጠራ ሀዲይኛ፣ እንዲህ አለ፦

«የታደለች ልጅ ትሠራለች፣ ቀጭኑ ልጅ ቤት ቁጭ ብሎ ቆጯችንን ይጨርሳል!»

ከኋላው የአምስት ሴት ሳቅ።

ታደለች እናቴ ናት። ቢኒያም ስሟን አያውቅም፤ ሁለት ቀን ሙሉ «እማማ» ሲል ነው የከረመው። ሀዲይኛ ደግሞ አንድ ቃል አይሰማም። የድል ዘፈን መስሎታል! በየዙሩ፣ ማንም ባሸነፈ ቁጥር፣ ጨዋታው ራሱ ይመሰክርበታል።

እማዬ እየሳቀች አለቀሰች። እትዬ ዓለሚቱ ግን ደነገጠች። «እኔ ይህን ብያለሁ? እንግዳ ላይ? አፈርኩ!» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «እስቲ ድገሚው» አለች።

ደጋገምኩት።


ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፣ መብራት የለም።

ደብዳቤውን በስልክ ጻፍኩ። ድምፁን፣ ትርጉሙን፣ የመፋቂያውን ደንብ፣ ሁሉንም አስገባሁ። ልልክ ስል ኔትወርኩ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ይቆማል። እኩለ ቀን ሆነ። ጋሽ ሸምሱ ጄኔሬተሩን ለመቀስቀስ ጃኬታቸውን አውልቀው ታገሉ፤ እጃቸው ዘይት ብቻ ሆነ። «ይኼንንም ያለ ደረሰኝ ነው የገዛሁት፣ አትንገሪብኝ» አሉኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ያልቃል፤ የእሱ ስም ይጸድቃል፤ እኔም ዕድሜዬን በሙሉ «እሱን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ» እያልኩ የምኖር ሴት እሆናለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች አውቃለሁ። ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማቸውም።

ያኔ ነው እማዬና እትዬ ዓለሚቱ በአንድ ጃንጥላ፣ ጭቃውን እየዘለሉ የመጡት። እማዬ «ደብዳቤው ካልሄደ ይደወላላ» አለች። በቃ። እኔ፣ ባለዲግሪዋ፣ ማስረጃ ማለት ወረቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ደወልኩ፤ ጨዋዋ ሴት አነሳች። ነገሩን ልጀምርላት ስል እትዬ ዓለሚቱ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«የኔ እመቤት፣ ጤና ይስጥልኝ። ያ ጨዋታ ውስጥ የምትናገረው እኔ ነኝ። ስድብ ለማለት አልነበረም፤ እውነቱን ነው።»

ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት። እማዬ ተናገረች። ጋሽ ሸምሱ ሳይጠየቁ ተናገሩ። ሴትየዋ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ «አንድ ጊዜ ቆዩኝ» ብላ አንድ ሰውዬ ጠራች። ሲያስረዳት ሰማን፦ «ወንድ? መፋቂያ ላይ? እኛም ጉራጌ አገር እናቴ ይህን ብትሰማ በግንዱ ነበር የምታባርረው!» ጋሽ ሸምሱ ጠረጴዛውን መቱ። «የአገሬ ልጅ!»

ሴትየዋ ተመለሰች። ሳቋን አፍና ነው የምታወራው። «አቤቱታሽ በጊዜው ደርሷል ብዬ እመዘግባለሁ። ሀዲይኛ የሚችል ሰው ጨዋታውን ከፍቶ እንዲሰማ እናደርጋለን። ከዚህ በላይ ቃል አልገባም።»

ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። መብራቱ የመጣው እነ እማዬ ከሄዱ በኋላ ነው። ደብዳቤውንም ላክሁት፤ ደረሰኝ እንዲኖረኝ።


ሐሙስ፣ መስከረም 1

አዲስ ዓመት። ድርጅቱ ዝግ ነው። ዶሮ አልገዛንም፤ ቤቱ ለመስቀል ነው የሚያጠራቅመው። እትዬ ዓለሚቱ ከእሷ ቤት በሳህን ላከችልን። «ለጀግናዋ» የሚል መልእክት ነበረው፤ ጀግናዋ እኔ ልሁን እማዬ ትሁን ግን አልተነገረም።

ከሰዓት በኋላ ቢኒያም ደወለ። «እንኳን አደረሰሽ» አላለም።

«ሊዱ… ትናንት ከድርጅቱ ደወሉልኝ። ያቺ ሴትዮ ምንድን ነው የምትለው?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ስታሸንፊ የምትናገረው። እየሳቁብኝ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ንገሪኝ፣ በናትሽ።»

ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል ነገርኩት። ይህን ደስታ በብር አልለውጠውም። «እኔ እኮ ዘፈን መስሎኝ ነው» አለ።

«ዘፈን ነው። ስለ አንተ ነው።»

«ስንት ሰው ሰምቶታል?»

«ያሸነፈ ሁሉ።»

ልስቅ ስል ድምፁ ተሰበረ። የቤት ኪራይ ስድስት ወር እንዳልከፈለ፣ አጎቱ ለመደብሩ የከፈለለትን ዶላር መልስ እንዳለው፣ ሽልማቱን ብቻውን ካልወሰደ ከዕዳው እንደማይወጣ ነገረኝ። አዘንኩለት። ማዘኔ ራሱ አናደደኝ። እኔስ? እኔ ሀብታም ሆኜ ነው?

«አጎትህንም ኪራይህንም ቀድመህ ብትነግረኝ አብረን እናስብ ነበር» አልኩት። «የሠራኸውን አልክድም። ጨዋታው በተሰነጠቀው ስልክ ላይ እንዲሮጥ ያደረግከው አንተ ነህ። ስምህ ይኑር። ከእኔ ቀጥሎ።»

«ሊዱ፣ ግማሽ በግማሽ…»

«መጀመሪያ ስም። ስለ ገንዘቡ ገንዘብ ሲኖር እናወራለን። ሁለታችንም ደግሞ በጽሑፍ።» ጋሽ ሸምሱ ቢሰሙኝ ያለቅሱ ነበር።

«ላስብበት» ብሎ ዘጋው። እኔ ግን ሐሳቡን መጠበቄ አይቀርም። ያበሳጨኛል።


ዓርብ፣ መስከረም 2

ጠዋት ደወሉ። ፎቶ ኮፒው ሲጮህ ስለነበር ወደ ደጅ ሮጥኩ፤ ዝናቡ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት።

ቢኒያም ትናንት ማታ ጽፎላቸዋል። አምኗል። ሀዲይኛ የሚችለውም ሰው ሰምቶ አረጋግጧል፤ «ከልቤ ነው የሳቅሁት» ብሏል አሉ። ዝርዝሩ ላይ ሁለታችንም እንገባለን፤ የእኔ ስም ከፊት። ግን ማክሰኞ አዲስ አበባ በአካል ቀርቤ ጨዋታውን ለዳኞቹ ማሳየት አለብኝ። ማሸነፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጥሩ ሥራዎች አሉ፤ ውጤቱ ከመስቀል በኋላ ይነገራል። እሺ። እሺ። እሺ አልኩ፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ።

ከዚያ የመኪናውና የማደሪያው ነገር መጣ። ለእማዬ ስነግራት የዊጆውን ወተት ወደ ናጠችበት እንስራ አየች። ያ ቅቤ ለመስቀል ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቀው የመስቀል ምግባችን፣ አታካና፣ ያለ ቅቤ አይሠራም። «አልነካውም» አልኳት። ልትከራከረኝ አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ዓለሚቱ ናት። ቀጣዩ የዊጆ ተራ የእሷ ነው። «ለእናንተ ይሁን ብለናል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል» አለች። «አሁን ቅቤ ውድ ነው፣ ሽጠሽ ሂጂ።»

«እትዬ፣ አንቺስ ለመስቀል?»

«እኔማ የታወቅሁ ሰው ሆኛለሁ፤ ሰው ይጋብዘኛል።»

እምቢ ልል ነበር። እኔ የሰው ነገር መቀበል አልወድም፤ ከቢኒያም በኋላ ደግሞ ይበልጥ። ግን ላፕቶፑም በእነዚሁ ሴቶች ወተት ነው የተገዛው፤ ድምፁም የእነሱ ነው፤ ረቡዕ ያዳኑኝም እነሱ ናቸው። ብቻዬን ሠራሁት ብዬ ብቆም ከቢኒያም በምን እለያለሁ? ተቀበልኩ። ጉልበቷን ስሜ ተቀበልኩ። ከዚያ ቤት ለቤት ዞሬ የሁሉንም ሙሉ ስም ጠይቄ ጻፍኩ፤ ጨዋታው ሲያልቅ በሚመጣው ገጽ ላይ ከእኛ በላይ እንዲገቡ። አንዷ «የአያቴንም ጨምሪ፣ ሌላ ሰው እንዳይመስላቸው» አለች።

ጋሽ ሸምሱ የሱቁን ላፕቶፕ አዋሱኝ። «ከጠፋ ዕድሜሽን በሙሉ በነፃ አቤቱታ ትጽፊልኛለሽ» አሉ። መረከቢያም አስፈረሙኝ። በደስታ ፈረምኩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የድሉን ድምፅ ወደ ዋሽንቱ ልመልሰው ወይ ልተወው? ቢኒያም ማከማቻውን መልሶ ከፍቶልኝ «በናትሽ አጥፊው» ብሎ ጽፎልኛል። እትዬ ዓለሚቱ ደግሞ «ካጠፋሽው ወተቴን መልሺ» ብላለች።

ማክሰኞ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ብሸነፍ ተመልሼ አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ላፕቶፕ የለኝም፤ ፈተናው አልፏል። ይህ ሁሉ እንዳለ ነው። ግን ዛሬ እንደ ቅዳሜው አይከብደኝም።

ቅድም ጨዋታውን በተሰነጠቀው ስልክ ከፍቼ አንድ ዙር ተጫወትኩ። አሸነፍኩ። ስልኩም በሙሉ ድምፁ ተናገረ።

እማዬ ከጓሮ ጮኸች፦ «ሰምተናል! አሁን ስልኩን አስቀምጪና ልብሱን አስገቢ፣ ዝናቡ መጣ!»